ሆቴሉ ከመከፈቱ በፊት ቧንቧው ይከፈት

በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሥራ አቁመው የከረሙ የጎንደር ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶችና አስጎብኚዎች ዳግም እንግዳ ለመቀበል ሲሰናዱ ከላኩልን ጥያቄዎች መካከል በዚያን ጊዜ የመለስናቸው የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ለወራት ተዘግቶ የቆየ የእንግዳ ማረፊያ አለኝ። ሠራተኞቼ ክፍሎቹን ሁሉ በረኪና ረጭተው «አሁን መክፈት እንችላለን» ይሉኛል። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እኅታችን። የዓለም ጤና ድርጅት በግንቦት 2012 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ ቤት ውስጥ መርጨትን አልመከረም፤ ሰው ላይ መርጨትንማ በምንም ሁኔታ እንዳይደረግ አስጠንቅቋል። የሚረጨው ጠብታ የዕቃውን ጀርባና ሥር አያገኝም። በበረኪናው ውስጥ ያለው ክሎሪንም ቆሻሻና ቅባት ላይ ሲያርፍ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል፤ የረጪውን ዓይንና ሳንባ ግን ይጎዳል።

ስለዚህ መጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ። ከዚያ ብዙ እጅ የሚነካው የበር እጀታ፣ ማብሪያ ማጥፊያና የደረጃ መደገፊያ በበረኪና ውሃ በራሰ ጨርቅ ይወልወል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 5 ከመቶ ከሆነ፣ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና በ9.8 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበጥብጡ። 10 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ብረቱን እንዳይዝግ በንጹሕ ውሃ ያብሱት። የዛሬን ብጥብጥ ለነገ አያሳድሩ፤ ይደክማል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ይበልጥ ያሳሰበን ግን በደብዳቤዎ ያላነሡት ውሃው ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የሌለው ማረፊያ ማግኘት ይከብዳል። ለወራት ሳይንቀሳቀስ በሮቶና በቧንቧ የተኛ ውሃ፣ በተለይ ሙቀቱ ከ25 እስከ 45 ዲግሪ ሲሆን፣ ሌጂዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበታል። ሰው የሚታመመው በአብዛኛው የሻወሩን ብናኝ ሲተነፍስ ነው። ትኩሳት፣ ሳልና የትንፋሽ ማጠር ስለሚያመጣ ኮቪድ ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ሕክምናው ግን አንቲባዮቲክ ነው።

ሮቶውን ባዶ አድርገው አተላውን ከውጭ ሆነው በረጅም ብሩሽ ፍቀው ያውጡ፤ ሰው ወደ ውስጥ አይግባ። ቦይለሩን ያጥፉ። ሮቶውን ሲሞሉ ለየ1,000 ሊትሩ 1 ሊትር ባለ 5 ከመቶ በረኪና ይጨምሩ። የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ ድረስ ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከፍተው ይዝጉና ሌሊቱን ያሳድሩት። እስኪያልቅ ድረስ ማንም አይጠጣው፣ አይታጠብበት። ጠዋት ሁሉንም አፍስሰው ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። በመጨረሻ ቦይለሩን 60 ዲግሪ አድርሰው ሙቁን ውሃ በየክፍሉ ቢያንስ 5 ደቂቃ ያፍስሱ። ሲያፈሱ የሻወሩ ራስ ተፈትቶ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ሠራተኛው ከብናኙ ርቆ ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳ የሚያድርባቸውን ክፍሎች ብቻ ያፈሳል። ባዶ የሚያድሩትም ክፍሎች በየሳምንቱ ይፍሰሱ፤ አለዚያ የተኛው ውሃ መልሶ ቤቱን ሁሉ ይበክላል።

ጥያቄ፦ የባህል ምግብ ቤት አለን፤ ማታ ማታ አዝማሪ ይጫወትበታል። በየጠረጴዛው ሳኒታይዘር አስቀምጠናል። ሌላ ምን ይጎድለናል?

መልስ፦ አየር ይጎድላችኋል። ኮቪድ በብዛት የሚተላለፈው በእስትንፋስ ነው፤ የሚዘፍንና የሚጮህ ሰው ደግሞ ዝም ብሎ ከተቀመጠው እጅግ የበለጠ ብናኝ ያወጣል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጠጁ እየተቀዳ፣ ተሰብሳቢው ግጥም ለመስጠት ወደ አዝማሪው ጠጋ የሚልበት ጠባብ ቤት ቫይረሱ ከሚመቹት ቦታዎች አንዱ ነው። ማሲንቆውን ወደ ግቢ አውጡት። ግቢ ከሌለ ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮትና በር ይከፈቱ፤ በአንድ ወገን ብቻ መክፈት አየሩን እምብዛም አያንቀሳቅሰውም። የጎንደር ማታ እንደሚበርድ እናውቃለን፤ ለእንግዳው ጋቢ ማቅረብ መስኮት ከመዝጋት ይሻላል። ይህ የከሰሉንም ጭስ ያወጣላችኋል።

ከአንድ ቤት የመጡ በአንድ ትሪ ይብሉ፤ ያልተዋወቁ ግን ለየብቻ ይቅረብላቸው፤ ጉርሻውም ለጊዜው ይቆይ። እጅ ማስታጠቡ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይሁን። ሳኒታይዘሩን ከቡና ምድጃው አርቁት። አልኮሉ ተቀጣጣይ ነው፤ እጁ ሳይደርቅ ከሰል የሚያራግብ ሰው ሊቃጠል ይችላል።

ጥያቄ፦ አስጎብኚ ነኝ። ፋሲል ግቢንና ደብረ ብርሃን ሥላሴን ሳስጎበኝ ምን ልጠንቀቅ? ግድግዳውስ በመድኃኒት ቢረጭ?

መልስ፦ መርጨቱንስ አደራ እንዳያደርጉት! እ.ኤ.አ. በ1979 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ግቢ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው፤ የሥላሴ ሥዕሎች ደግሞ ክሎሪን ከነካቸው ቀለማቸው አይመለስም። ጎብኚው ግድግዳና ሥዕል እንዳይነካ ማድረግ ይበቃል።

ገለጻውን ውጭ ይጨርሱት። የጣሪያውን የመላእክት ፊት ደጅ ላይ በፎቶ እያሳዩ ካብራሩ በኋላ ጥቂት ጥቂት ሰው ማስክ አድርጎ በዝምታ ይግባ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይውጣ። በቤተ መንግሥቱ ጠባብ ደረጃዎች ላይ የሚወርዱት ሳይጨርሱ የሚወጡትን አያስገቡ። ወደ ደባርቅ በመኪና ሲሄዱም የሾፌሩን መስኮትና በሰያፍ ያለውን የኋላ መስኮት አብረው ይክፈቱ፤ አየሩ መኪናውን አቋርጦ ይወጣል።

ጥያቄ፦ በር ላይ ሙቀት መለካት በሽተኛውን ይለያል?

መልስ፦ በከፊል ብቻ። ቫይረሱ ያለበት ብዙ ሰው ትኩሳት የለውም። ፀሐይ ላይ የቆየም ግንባሩ ይግላል፤ ጥላ ሥር 10 ደቂቃ አስቀምጣችሁ ድገሙ። ከመለኪያው ይልቅ የሚጠቅመው ያመመው ሠራተኛ ደመወዙ ሳይቆረጥ ቤቱ እንዲቀር መፍቀድ ነው፤ የቀን ገቢው የሚቀርበት ሰው ሳሉን ደብቆ ይመጣል። መስኮቱ ወደ ውጭ የሚከፈትና የራሱ መታጠቢያ ያለው አንድ ክፍል ባዶ አቆዩ። የታመመ እንግዳ እዚያ ይግባ፣ ምግቡ ደጃፉ ላይ ይቀመጥለት፣ ወደ ኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነጻ የስልክ መስመር 8335 ይደወል።