«ቲቸር፣ የላክሽልኝ ፋይል ባዶ ነው»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ዘንድሮ ክፍሌ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ አለ፣ በጣም ጎበዝ ልጅ ነው፣ ስልኩ ላይ ቶክባክ፣ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ኤንቪዲኤ የሚባሉ፣ ስክሪን ላይ ያለውን በድምፅ የሚያነቡ ፕሮግራሞች (ስክሪን ሪደር) ይጠቀማል። ኖቱን ገጽ በገጽ በስልኬ ስካን አድርጌ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ስልክለት «ቲቸር፣ የላክሽልኝ ፋይል ባዶ ነው» አለኝ። ከፍቼ ሳየው ሙሉ ነው። ዋናውን ወርድ ላኩለት፣ እሱን ደግሞ ትርጉም የሌለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚያነብልኝ አለ። አሁን ጓደኛው እያነበበለት ነው፣ እኔም አንዳንዴ በድምፄ ቀድቼ እልክለታለሁ። ምን ባደርግ ይሻላል?
መምህርት ነኝ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦ እህቴ፣ ልጁ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነው። እኔም ዓይነ ስውር ስለሆንኩ ይሄን መልስ የምጽፍልዎ በዛው በኤንቪዲኤ ነው፣ «ባዶ ነው» የምትለዋንም ስንቴ ብያታለሁ። ስካን ያደረጉት ገጽ ፎቶ ነው፣ ስክሪን ሪደር ደግሞ የሚፈልገው ፊደል ነው፣ የፊደል ፎቶ ውስጥ ፊደል የለም። ስለዚህ ስካኑን ይተዉትና ወደ ወርዱ እንሂድ።

የወርዱ ነገር የኛው ሀገር ችግር ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ኖቱ የተጻፈው በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይ በቪዥዋል ግዕዝ ይመስለኛል። በነዚህ የድሮ ፎንቶች «ለ» ብለው ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው «ለ» ሳይሆን የእንግሊዝኛ ፊደል ወይም የሆነ ምልክት ነው፣ ፎንቱ ከላይ የ«ለ»ን መልክ ያለብሰዋል። እርስዎ ልብሱን ያያሉ፣ ስክሪን ሪደሩ ግን ከስር ያለውን ነው የሚያነበው፣ ልጁ ላይ የሚዘበራረቀውም ለዚህ ነው። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት የቁጥር ሰንጠረዥ ውስጥ ገብቷል፣ ከዛ ወዲህ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው፣ ግን እስከ ዛሬ በድሮው የሚጽፍ ሞልቷል።

ለመለየት አንድ አንቀጽ ኮፒ አድርገው ቴሌግራም ላይ ፔስት ያድርጉት። አማርኛ ሆኖ ከወጣ ዩኒኮድ ነው፣ ከተመሰቃቀለ የድሮው ነው። ከዚህ በኋላ የሚጽፉትን በዊንዶውስ የአማርኛ ኪቦርድ ወይም በስልክዎ ይጻፉት፣ አዲሱ ፓወር ግዕዝም የዩኒኮድ ምርጫ አለው። ትምህርት ቤቱ አጠገብ ላለችው ጽሑፍ ቤት ሰጥተው የሚያስጽፉ ከሆነም «በዩኒኮድ ጻፊልኝ» ማለት ብቻ ነው። የድሮውን የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ፣ ግን ከቀየሩ በኋላ አንዴ በዓይንዎ ይለፉበት። ደግሞ አራት ነጥቡን ራሱን «።» ይጻፉ፣ ሁለት ነጥብ ሁለቴ ሲደረደር ለዓይን አንድ ይመስላል እንጂ ለኮምፒውተሩ ሌላ ምልክት ነው።

አሁን ስለ ፈተና፣ የአማርኛ መምህርት ስለሆኑ ይሄ ያሳስበኛል። «የተሰመረበት ቃል ፍቺ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ ያወጣሉ አይደል? ሴቲንጉ ካልተነካ በቀር ኤንቪዲኤ መስመሩን አይናገርም፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀጥ አድርጎ አንብቦ ያልፋል፣ ልጁ መልሱን እያወቀ የትኛው ቃል እንደተጠየቀ አያውቅም። ከታች «የተሰመረበት ቃል፦» ብለው ቃሉን ይድገሙለት። ባዶ ቦታ ሙሉ ሲሉም በነጥብ ወይ በሰረዝ ብቻ ከሚተዉት «ባዶ ቦታ» ብለው ይጻፉበት።

ርዕስ ላይ ብዙ ሰው ቦልድ አድርጎ ፎንቱን አሳድጎ ያልፋል። ወርድ ውስጥ ሄዲንግ የሚለውን ስታይል ይጠቀሙ እንጂ፣ ያኔ ልጁ ኤችን እየተጫነ ከርዕስ ርዕስ ይዘላል፣ ያለዚያ 40 ገጹን ከላይ እስከ ታች መስማት ነው። አዲስ ገጽ ለመጀመርም ኢንተርን አይደርድሩ፣ እያንዳንዱን ባዶ መስመር «ብላንክ፣ ብላንክ፣ ብላንክ» እያለ ይቆጥርለታል። ፒዲኤፍ ካስፈለገ በፕሪንት ሳይሆን በሴቭ አዝ ያውጡት፣ በፕሪንት ሲወጣ የርዕሱ ምልክት ይጠፋል። እኔ ግን ወርዱን ራሱን ቢልኩለት እመርጣለሁ።

ድምፅዎን ቀድተው መላክዎ ደስ ይላል፣ አያቁሙ። ግን ፈተና ሲደርስ አንዲት ቃል ፍለጋ የግማሽ ሰዓት ድምፅ ወደፊት ወደኋላ ማለት በጣም ያደክማል። የጓደኛው ንባብም እንደዛው ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ የሚያነብልኝ ልጅ ድምፁ ሲደክም ይሰማኛል፣ እንዳላስቸግረው ብዬ ሳይገባኝ «ገባኝ» እላለሁ፣ እንደዛ ያለፉኝ ምዕራፎች እስከ ዛሬ ይቆጩኛል።

ኤንቪዲኤን እርስዎም ላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑት፣ ነፃ ነው፣ በ2006 እ.ኤ.አ. የጀመረውም ማይክል ከረን የሚባል ዓይነ ስውር አውስትራሊያዊ ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ የሚባለው የንባብ ድምፅ አማርኛ አለው፣ ድምፁ የሰው አይመስልም ግን ያነባል። ስክሪኑን ጋቢ አልብሰው የራስዎን ኖት በጆሮ ብቻ ይስሙት፣ ዝም ለማሰኘት ኮንትሮል፣ ለመዝጋት ኢንሰርትና ኪው። ከዛ ለልጁ ይላኩለትና የት ጋ እንደተደናቀፈ ይጠይቁት፣ እሱ ከእኔ በላይ ይነግርዎታል።