«ተጠግኗል» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት

ልጆቼ፣

ይኼን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ውሃ ቢሮ፣ የከተማ ውሃ አገልግሎት ወይም ኦዲት መሥሪያ ቤት ለገባችሁት ነው። እኔ 30 ዓመት ከምናምን በዚሁ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግማሹን ዘመኔን ቱቦ ስቀብር፣ ግማሹን ደግሞ ሌሎች የቀበሩትን ስቆጣጠር ነው ያሳለፍኩት። «ስቆጣጠር» ስል ግን ትንሽ አፍራለሁ። ለምን እንደማፍር ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው በአንድ የክልል ከተማ ነው። ስሟን ልተወው። ወሩ ኅዳር፣ ቀኑ የገበያ ቀን። እህል ተራው ዳር ላይ ዋናው መስመር ፈነዳ። ቱቦው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣልና መፈንዳቱ ብዙም አልገረመንም። ሳራቺኔስካውን ዘግቶ መጠገን ነው። (እናንተ ጌት ቫልቭ ብላችሁ የተማራችሁትን ቧንቧ ሠራተኞቻችን ሳራቺኔስካ ነው የሚሉት። ጣሊያኑ ሄዶ ስሙ ቀርቷል።) ሠራተኞቹ ሮጠው ሄዱ። ሳራቺኔስካው የለም። ለካ ኮብልስቶን ተነጥፎበታል! ድንጋይ ተነቀለ፣ አፈር ተቆፈረ፣ ተገኘ። ሁለት ሰው ቁልፍ አስገብቶ ቢታገል አልዞር አለ። ሦስተኛ ሰው ሲጨመር ዘንጉ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

የቀረን ምርጫ ከላይ፣ ከማጠራቀሚያው መዝጋት ብቻ ነበር። ያ ማለት ከተማው በሙሉ ሦስት ቀን ውሃ አጣ ማለት ነው። እስኪዘጋ ድረስ ደግሞ ውሃው እህል ተራ ገባ። አንዲት እናት ከማዳበሪያቸው የረጠበ ጤፍ እየዘገኑ ያሳዩኛል። አንገቴ ላይ ያለውን የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አይተው ነው። «ይኼን ማን ነው የሚከፍለኝ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ጤፉ በጣቶቻቸው መሃል እንደ ሊጥ ተጣብቆ ነበር።

ማታ ቢሮ ገብቼ ፋይል አገላበጥኩ። ሰኔ 30 በተዘጋው የዓመቱ ማጠቃለያ ሪፖርት ላይ ያ ሳራቺኔስካ ተጠግኗል። ታቅዶ 14፣ ተከናውኖ 14፣ አፈጻጸም 100 በመቶ። ከታች ፊርማ አለ። የእኔ ነው።

በማግስቱ የወረቀቱን መንገድ ከታች ወደ ላይ ተከተልኩት። ቧንቧ ሠራተኛው በራሱ ደብተር፣ በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦ «ገበያ ዳር ያለው። ጠብቋል። አልዞር ብሏል። ዘይት ይፈልጋል፣ ካልሆነ ይቀየር።» የቡድን መሪው ይኼን በወር ሪፖርቱ ላይ «ፍተሻ ተደርጓል» አለው። የሥራ ሂደት መሪው የሩብ ዓመቱን ሲያጠቃልል ቅጹ ላይ «ፍተሻና ጥገና» የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ውስጥ ከተተው። ፕላን ክፍል «ፍተሻና» የምትለዋ ቃል አልበቃ ስትለው አሳጠራት። እኔ ጋ ሲደርስ «ጥገና 100 በመቶ» ሆኗል። ወረቀቱ አንድ ፎቅ በወጣ ቁጥር ሳራቺኔስካው እየዳነ ሄደ።

አያችሁ፣ ከዚህ ሁሉ ሰው መሃል ተነስቶ ልዋሽ ያለ የለም። ሌባም የለበትም። ሌባ ቢኖርማ በቀለለ፤ ሌባ ይያዛል። እያንዳንዱ ሰው ትንሽ ትንሽ አሳመረና አሳለፈ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ የሚባለው ይኼ ነው።

ይኼ የእኛ አገር አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ፍሊንት የምትባል ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ወጪ ለመቆጠብ ብለው ከዲትሮይት ይገዙት የነበረውን ውሃ ትተው የራሳቸውን ወንዝ ማጣራት ጀመሩ። የወንዙ ውሃ ቱቦ ይበላል። መከላከያ ኬሚካል መጨመር ነበረባቸው፤ አልጨመሩም። ከአሮጌዎቹ ቱቦዎች የተሸረሸረ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) በየሰው ብርጭቆ ገባ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ2015 የመጀመሪያ ስድስት ወራት 71 ናሙና ተወሰደ። ከተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ጋር ከተነጋገሩ በኋላ እርሳሳቸው ከፍ ያለ ሁለት ናሙናዎች ከደንቡ ውስጥ ምክንያት ተፈልጎላቸው ወጡ። 69 ቀረ። እርምጃ ያስወስድ የነበረው ወሰን በሊትር 15 ማይክሮ ግራም እርሳስ ነው። ከዚያ በላይ ይሆን የነበረው ውጤት 11 ተብሎ ሪፖርት ተደረገ። በኮምፒውተር፣ በላቦራቶሪ፣ በሕግ የታጠረ አገር ነው። ሁለት መስመር ከሠንጠረዥ ማውጣት በቂ ሆነ።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ከዚያ ኅዳር በኋላ የያዝኩት ልማድ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ወረቀት መጠየቅ። የተጠቃለለውን ሳይሆን በጭቃ እጅ የተጻፈውን። ለሱፐርቪዥን ስትሄዱ ፓወር ፖይንት ያሳዩአችኋል፤ ቡና ይፈላል፤ ምሳም አይቀርም። ብሉ፣ ጠጡ፣ ነውር የለውም። ከዚያ ግን የቧንቧ ሠራተኛውን ደብተር አምጡልኝ በሉ። ደብተር የለም ከተባላችሁ ራሱ ትልቅ ግኝት ነው፤ ጻፉት። ካለ ደግሞ ሦስት መስመር ምረጡና ከሠራተኛው ጋር በእግር ሂዱ። ሦስት ይበቃል። ሳራቺኔስካው በእጅ ይዞራል ወይስ አይዞርም? ይኼ በመቶኛ የሚነገር ነገር አይደለም።

ቧንቧ ሠራተኞቹን አክብሯቸው። እኔን ሥራ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰሮቼ ብቻ አይደሉም። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቀስቅሰው አስፋልት ላይ አቆሙኝ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን የብረት ዘንግ ይዘዋል። አንዱን ጫፍ ቱቦው ላይ አሳረፉ፣ ሌላውን ጆሯቸው ላይ። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ ከሩቅ የሚጠበስ ዘይት የመሰለ ሽሽሽሽ የሚል ድምፅ መጣ። «ትሰማለህ? እየተነፈሰች ነው» አሉኝ። በማግስቱ ሲቆፈር ስንጥቁ ካሉት ቦታ ሁለት እርምጃ አልራቀም።

ሌሊት የሚሠራው ወዶ አይደለም። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ከተማ ይተኛል። በዚያ ሰዓት ከማጠራቀሚያው የሚወጣው ውሃ ወደ ማን ቤት ነው የሚሄደው? አብዛኛው ወደ መሬት ነው። የሌሊቱን ፍሰት ለክቶ መዝግቦ የያዘ መሥሪያ ቤት ስንት ውሃ እንደሚፈሰው ያውቃል። (ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይኼ አይሠራም። ሰዉ ሌሊቱን ሮቶ ሲሞላ ስለሚያድር ያሳስታችኋል። ውሃ በማይቋረጥበት መስመር ሞክሩት።) በሰከንድ አንድ ሊትር የምታፈስ ስንጥቅ ትንሽ ትመስላለች። በቀን 86,400 ሊትር ናት። በ20 ሊትር ጀሪካን ብትቀዱት 4,320 ጀሪካን። ያቺን ስንጥቅ ነው ሰው ሁሉ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚላት።

ስለ ብክነት ካነሳሁ አይቀር፣ ወጣት ተቆጣጣሪ ሁሉ የሚሳሳትባት ነገር አለች። አንዱ ከተማ ብክነቴ (ካመረትኩት ውሃ በደንበኛ ቆጣሪ ያልተቆጠረው) 20 በመቶ ነው ይላል። ሌላው 40 ይላል። የመጀመሪያውን ታመሰግኑታላችሁ፣ ሁለተኛውን ትገሥጹታላችሁ። ተሳስታችኋል። መጀመሪያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆጣሪ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ቦታ የለም፤ ካለም ቆሟል። ታዲያ ምርቱን በምን አወቁት? ፓምፑ የሠራበትን ሰዓት ፓምፑ ላይ በተጻፈው አቅም አባዝተው ነዋ! ያ ቁጥር ፓምፑ አዲስ በነበረ ጊዜ የነበረ ነው። ካረጀ በኋላ ስንት እንደሚገፋ ማን ለካው? ከደንበኛውም በኩል ቢሆን ቆጣሪ ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ አሳንሶ ነው የሚያነበው። ቆጣሪዬ አሳንሶ ቆጠረብኝ ብሎ ቢሮ የሚመጣ ደንበኛ ደግሞ እስከዛሬ አላየሁም። ስለዚህ ሳይለካ የተነገረ ቁጥር፣ 20ም ይሁን 40፣ አይታመንም፤ 40 ያለው ሰውዬ ደግሞ ምናልባት የለካው እሱ ብቻ ይሆናል። እሱን ስትገሥጹት ለከርሞ እሱም 20 ይላችኋል። ለካችሁም አልለካችሁም፣ የሚጎዳችሁ ያወቃችሁት ቁጥር አይደለም።

«ሽፋን» የሚባለውም (ከመቶ ስንት ሰው ውሃ ያገኛል የሚለው ቁጥር) እንዲሁ ነው። ሽፋን የተሠራውን ይቆጥራል፤ ዛሬ ጠዋት ውሃ የቀዳውን አይቆጥርም። የተበላሸ የእጅ ፓምፕም፣ ደረቅ ቦኖም እስኪሰረዝ ድረስ ሽፋን ውስጥ ይቆያል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለገጠር መለኪያው በሰው በቀን ከ15 ሊትር ወደ 25፣ ርቀቱም ከ1.5 ኪሎ ሜትር ወደ 1 ሲቀየር በመቶኛው ወረደ። አንድም ቧንቧ ግን በዚያ ቀን አልተሰበረም። ቁጥር ስታዩ መለኪያው ምን እንደሆነ ጠይቁ የምለው ለዚህ ነው።

የውሃ ጥራት ሪፖርት ላይ ደግሞ አንዲት ጥያቄ ትበቃችኋለች፦ ናሙናው የት ተወሰደ? ማጠራቀሚያው ሥር ከተቀዳ ክሎሪኑ አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ነው። ውሃ በፈረቃ ሲሄድና ሲመጣ ቱቦው ባዶ ይሆናል። ባዶ ቱቦ ደግሞ ይስባል። በቀን ውሃ የወጣበት ስንጥቅ ማታ የጎርፍና የሽንት ቤት ፍሳሽ ያስገባል። ስለዚህ የመጨረሻው ሰፈር፣ የመጨረሻው ቤት ቧንቧ ላይ ሂዱ። እዚያ ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም በሊትር ክሎሪን ካለ ደግ ነው። ከሌለ ምን እንደሚመጣ ክረምት ላይ ጤና ጣቢያ ያሉትን ጠይቋቸው።

አዲስ አበባን ብትወስዱ ገፈርሳ በጣሊያን ጊዜ የተጀመረ ግድብ ነው። ለገዳዲ የ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ድሬ ከለገዳዲ 30 ዓመት ገደማ ያንሳል። ግድቦቹን ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ደለላቸውም ይወራል። ከእነሱ በታች መሬት ውስጥ ያለውን ቱቦ ግን ማን ያየዋል? ለአዲስ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ይቀመጣል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ለአንዲት ማሸጊያ ጎማ ሪባን የቆረጠ ባለሥልጣን አላየሁም። በጀቱም ወደ ሪባኑ ይሄዳል። ይኼን ተናድጄ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ንዴቱ የለወጠው ነገር የለም።

የለወጠው ኦዲት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 ያቋቋመው የፌዴራል ዋና ኦዲተር አለ፤ ሪፖርቱን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው የሚያቀርበው። ክልሎችም የየራሳቸው አላቸው። ደረሰኝ ከሚቆጥረው ኦዲት ሌላ የክዋኔ ኦዲት የሚባል አለ፤ ብሩ ወጥቷል፣ ሥራውስ ተሠርቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ። ኦዲተር መጣ ሲባል ቢሮው ሁሉ ፊቱ ይጠቁራል። እኔም ይጠቁር ነበር። አንድ ዓመት ግን ደክሞኝ ነው መሰለኝ፣ ሳይጠይቁኝ ሁሉንም አወጣሁላቸው። ካርታ የሌላቸውን መስመሮች፣ መለዋወጫ ጠይቄ የተከለከልኩባቸውን ደብዳቤዎች፣ የማይዞሩትን ሳራቺኔስካዎች ዝርዝር። ግኝት ሆኖ ወጣ። ቋንቋው ያው ነው፤ «የመከላከል ጥገና የአሠራር ሥርዓት አለመዘርጋቱ ታውቋል» ምናምን። ኃላፊዬ ለሳምንት አላናገረኝም። በቀጣዩ በጀት ዓመት ግን ሦስት ዓመት የለመንኩት የመለዋወጫ በጀት ተፈቀደ። ልመናዬ ያልከፈተውን በር ግኝቱ ከፈተው።

ኦዲተር የሆናችሁት ደግሞ ጽፋችሁ አትሂዱ። ምላሽ ተሰጥቶበት፣ የድርጊት መርሐ ግብር ወጥቶለት፣ ከዚያ የውሃ ሽታ የሆነ ግኝት ስንት አይቻለሁ። በዓመቱ ተመለሱና ያንኑ ሳራቺኔስካ በራሳችሁ እጅ አዙሩት።

ብዙ የምለው ነበረኝ። ስለ ካርታ፣ ስለ ጄኔሬተር፣ ጡረታ የወጣ ሠራተኛ በጭንቅላቱ ይዞት ስለሚሄደው መስመር። ለሌላ ጊዜ ይቆየኝ። ዛሬ የሰፈራችን ፈረቃ ነው። ቆጣሪዬ መዞር ጀምሯል፤ እስካሁን የሚያዞረው አየሩ ነው፣ ሂሳቡ ግን ያው ነው። ጋሼ ቢኖሩ ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ጥለው «አሁን ደርሳለች» ይሉኝ ነበር። ሮቶው ሳይሞላ እንዳትሄድብኝ ልነሳ።