መልስ፦ ከስሪላንካ ዊኬት ጠባቂዎች ማን ይበልጣል?

ሰላም ወንድሜ። በአንድ ቀን በሚያልቀው ክሪኬት ከስሪላንካ ዊኬት ጠባቂዎች ማን ይበልጣል ብለሃል። ዊኬት ከመቺው ጀርባ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ናቸው፤ ጠባቂው ከኋላቸው ሆኖ ኳስ ይይዛል። በቁጥር ከሆነ ኩማር ሳንጋካራ ነው። ከዊኬቱ ጀርባ ሆኖ 482 ተጫዋቾችን አስወጥቷል፤ በዓለም የሚስተካከለው የለም። በ2015 የዓለም ዋንጫ ዊኬት እየጠበቀ በ4 ተከታታይ ጨዋታዎች ከ100 በላይ ነጥብ አስቆጥሯል። ድንቅ ነው!

እኔ ግን ሮሜሽ ካሉዊታራናን እወደዋለሁ። የ1996ቱን የዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ስሪላንካ ከህንድ ካልካታ ላይ ያደረጉትን አስታውስ። የህንዱ መቺ ሳቺን ቴንዱልካር 65 ነጥብ አስቆጥሮ ጨዋታውን ይዞታል። መቺው ከሚቆምበት መስመር ትንሽ ወጣ እንዳለ ካሉዊታራና ኳሷን ቀለብ አድርጎ ዊኬቱን መታው። ስታምፒንግ የሚባለው ይህ ነው። እሱ ከመውጣቱ በፊት ህንድ 98 ነጥብ ላይ የወጣባት አንድ ተጫዋች ብቻ ነበር። 120 ስትደርስ 8 ወጥተውባታል።