የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ የቀንድ አውጣው ዛጎል ለምን ይነጣል?

ጥያቄ (ከደብረ ማርቆስ)፦ ባለ 40 ሊትር የመስታወት ገንዳ ውስጥ አራት የውሃ ቀንድ አውጣዎች አሉኝ። ከሐምሌ ወዲህ ዛጎላቸው ከጫፉ እየነጣ፣ እየተቦረቦረም መጣ። የምጠቀመው ከቆርቆሮ ጣራ የማጠራቅመውን የዝናብ ውሃ ነው። በሽታ ይሆን?

መልስ፦ እንደገለጹልን ከሆነ ችግሩ ውሃው ነው። ዛጎል በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የዝናብ ውሃ ማዕድን የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት አሲድነትም ስላለው ያለውን ዛጎል ያሟሟዋል። ጫፉ ቀድሞ የሚጎዳው ቀንድ አውጣው ገና ትንሽ ሳለ የሠራው አሮጌው ክፍል ስለሆነ ነው። ከቆርቆሮው ታጥቦ የሚወርደው ዚንክም ይመርዛቸዋል።

የጣራውን ውሃ ይተውት። የቧንቧ ውሃ በባልዲ ቀድተው ሳይከድኑ 24 ሰዓት ያቆዩት፤ ክሎሪኑ ይወጣለታል። ከዚያ በየሦስት ቀኑ 10 ሊትር ብቻ ይቀይሩ። ሁሉንም በአንድ ቀን ከለወጡት ድንገተኛው ለውጥ ሊገድላቸው ይችላል።

የሁለት እንቁላል ቅርፊት ለ10 ደቂቃ ቀቅለው የውስጡን ስስ ሽፋን ይላጡ፤ አድርቀው ይውቀጡትና በስስ ጨርቅ ቋጥረው ውሃው ከማጣሪያው በሚወጣበት በኩል ያንጠልጥሉት። በአባይ በረሃ የሚገኘው የኖራ ድንጋይም ያገለግላል። ድንጋዩ ላይ ሎሚ ጠብ ያድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለው። ለምግብ የአበሻ ጎመን ለ3 ደቂቃ ቀቅለው ይስጧቸው፤ የተረፈውን በማግስቱ ያውጡ፣ አለዚያ ውሃው ይበላሻል።

የተቦረቦረው ጫፍ ግን ተመልሶ አይሞላም። መሻሻሉን የሚያዩት ዛጎሉ በሚያድግበት በአፉ ጠርዝ በኩል ነው፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እዚያ ለስላሳና ቀለሙ ያልነጣ አዲስ ጭማሪ ካዩ ውሃው ተስተካክሏል።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ከጣና ዳር ቀንድ አውጣ ለቅሜ በጨው ውሃ አጥቤ ገንዳዬ ውስጥ ብጨምር ምን ችግር አለው?

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉ ባዮምፋላሪያ የተባሉ ቀንድ አውጣዎች አሉ። ጥገኛው የሚኖረው በሥጋቸው ውስጥ ስለሆነ ማጠብ አያስወጣውም። በዓይን የማይታዩት እጮች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ፤ ገንዳውን ሲያጸዱ ቁስል በሌለው ቆዳ እንኳ ዘልቀው ይገባሉ። ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም።

አስቀድመው ጨምረው ከሆነ ረጅም የላስቲክ ጓንት አድርገው በመረብ ያውጧቸው፤ የፈላ ውሃ አፍስሰውባቸው ይቅበሯቸው። ከሐይቁ ያመጡትን ሣርም ያስወግዱ፤ ሽንብራ የማያካክሉ ትንንሾች ተለጥፈውበት ይመጣሉ። አንዱም እንዳልቀረ ካረጋገጡ በኋላ ውሃውን ለ3 ቀን አይንኩት፤ እጮቹ ከዚያ በላይ አይቆዩም። እጅዎን ነክረው ከነበረ ለጤና ባለሙያ ይንገሩ። የሰገራ ምርመራው አስተማማኝ የሚሆነው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው፤ ቢገኝብዎትም ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው።

ቀንድ አውጣ ከፈለጉ ገንዳ ውስጥ ካራባ ሰው ይውሰዱ። ጥገኛው ከእናት ወደ እንቁላል አይተላለፍም፤ ቀንድ አውጣ የሚያዘው የታመመ ሰው ሰገራ የገባበት ውሃ ውስጥ ሲኖር ነው።