«ባንክ» የሚል ቃል ሳይኖር ባንክ ማቋቋም፦ ስለ ማኩሎክና ሜሪላንድ ክርክር

ውድ ጠያቂያችን፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ባንክን በስም ሳይጠቅስ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን ባንክ አጽንቶ የሜሪላንድን ግብር የሻረው በምን መነሻ እንደሆነና ከዚያ ወዲህ ለግዛቶች ምን እንደቀረላቸው ጠይቀዋል።

ነገሩ የጀመረው ከወረቀት ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ1818 ባወጣችው ሕግ፣ እርሷ ሳትፈቅድለት በግዛቷ የሚሠራ ባንክ የብር ኖቶቹን ከእርሷ በሚገዛው ቴምብር ባረፈበት ወረቀት ላይ ብቻ እንዲያወጣ፣ ለምሳሌ ለአንድ የ5 ዶላር ኖት 10 ሳንቲም እንዲከፍል፣ ይህን ካልፈለገም በዓመት 15,000 ዶላር እንዲያስገባ አዘዘች። የፌዴራሉ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ኮንግረስ በ1816 ያቋቋመው ባንክ በሜሪላንዷ ባልቲሞር ከተማ የነበረው ቅርንጫፍ ገንዘብ ያዥ ጄምስ ማኩሎክ ግን ቴምብር በሌለው ወረቀት ኖት በማውጣቱ ተከሶ በግዛቷ ፍርድ ቤቶች ተረታ።

የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1819፣ ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል በጻፉት ፍርድ፣ ውሳኔውን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ሜሪላንድ የተመረኮዘችው ለፌዴራሉ መንግሥት ያልተሰጠ ሥልጣን ለግዛቶች ወይም ለሕዝቡ የተጠበቀ ነው በሚለው የሕገ መንግሥቱ አሥረኛ ማሻሻያ ላይ ነበር። ማርሻል ከሕገ መንግሥቱ በፊት አገሪቱ ትተዳደርበት የነበረውን የኮንፌዴሬሽን ሰነድ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ በዚያኛው «በግልጽ» ያልተሰጠ ይል የነበረው ቃል በማሻሻያው ውስጥ የለም። እንግዲህ ግብር የመሰብሰብ፣ የመበደርና ሠራዊት የማቋቋም ሥልጣን የተሰጠው ኮንግረስ፣ ሕገ መንግሥቱ እንደሚለው እነዚህን ለመፈጸም «አስፈላጊና ተገቢ» የሆነ ሕግ ሊያወጣ ይችላል፤ ባንኩም ለዚሁ የሚያገለግል መሣሪያ ነው። «አስፈላጊ» ማለት ያለ እርሱ ፈጽሞ የማይሆን ማለት ነው የሚለውንም ክርክር ራሱ ሕገ መንግሥቱ ያፈርሰዋል፤ በአንቀጽ 1 ክፍል 10 ላይ ይህንኑ ጥብቅ ትርጉም ሲፈልግ «ፍጹም አስፈላጊ» ብሎ ጽፏልና። በእኔ እምነት ከፍርዱ ሁሉ የማይነቃነቀው ክፍል ይህ ነው።

ግብሩ የወደቀበት ምክንያት ደግሞ ከውክልና ይመነጫል። ግዛት የራሷን ነዋሪዎች ግብር ብታበዛባቸው መራጮቿ ስለሆኑ ይቀጧታል፤ የመላው አገር ሕዝብ ባቋቋመው ተቋም ላይ ስትጥል ግን ከፋዩ በምክር ቤቷ ድምፅ የለውም፣ ግብርም ተቋምን እስከ ማጥፋት ሊደርስ ይችላል።

ስለ ግዛቶች የጠየቁትን በተመለከተ፣ ፍርዱ ራሱ ገደብ አለው፦ ባንኩ በሜሪላንድ የነበረው መሬትና ሕንፃ እንደ ሌላው ንብረት ሁሉ ግብር ሊጣልበት ይችል ነበር፣ ነዋሪዎቿ በባንኩ የነበራቸው ድርሻም እንዲሁ። የኮንግረስም ሕግ በሕገ መንግሥቱ ከተዘረዘረ ሥልጣን ጋር መያያዝ አለበት፤ በ1995 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሎፔዝ ጉዳይ፣ በትምህርት ቤት አካባቢ መሣሪያ መያዝን የሚከለክለውን የፌዴራል ሕግ፣ ኮንግረስ የመቆጣጠር ሥልጣን ካለው በግዛቶች መካከል ከሚደረገው ንግድ ጋር በቂ ግንኙነት የለውም ብሎ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ሽሮታል።