ካርቦን ሞኖክሳይዱ እጥፍ ሆነ፤ ከሰሉ መጋል ጀምሮ ይሆን?

ጥያቄ፦ የምሠራው ከመሬት በታች ባለ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነው። በአየር መመለሻው ዋሻ ያለው ሴንሰር ካርቦን ሞኖክሳይድ 4 ፒፒኤም ያሳይ ነበር፤ አሁን 8 ሆኗል። አየሩም በሴኮንድ ከ30 ወደ 15 ሜትር ኩብ ወርዷል። ልስጋ?

መልስ፦ በእነዚህ ቁጥሮች ብቻ ከሰሉ ግሏል ማለት አይቻልም። ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ስንቱ እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ) ጋዙ በአየሩ ውስጥ ያለውን ድርሻ እንጂ ከሰሉ ያወጣውን መጠን አይናገርም። አየሩን በፒፒኤሙ፣ ውጤቱንም በ0.06 ያባዙ፤ በደቂቃ የሚወጣው ሊትር ይመጣል። ያኔም 7.2፣ ዛሬም 7.2 ሊትር ነው። በተለምዶ 10 ሊትር ሲያልፍ ምርመራ ይጀመራል፣ ከ20 በላይ ሲሆን እንደ ከባድ አደጋ ይታያል፤ የራስዎ ማዕድን ያወጣው ልክ ካለ ግን እሱ ይቀድማል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ አየሩ ለምን በግማሽ ቀነሰ የሚለው ነው። ከከሰሉ የሚወጣው ተቀጣጣይ ጋዝ፣ ሚቴንም፣ ድርሻው አብሮ እጥፍ ይሆናል፤ ቀዝቃዛ አየር ያጣ ከሰልም ሙቀቱን ያከማቻል። መጀመሪያ ልኬቱን ያረጋግጡ። አናሞሜትሩን (የአየር ፍጥነት መለኪያውን) ከሰውነትዎ አርቀው ይዘው፣ የዋሻውን ስፋት በሙሉ እያዳረሱ፣ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ይለኩ። ሦስት ንባቦች ከ5 በመቶ በላይ ከተለያዩ ይድገሙት።

የግራሃም ሬሾን (ከጎደለው ኦክስጅን አንጻር ስንት ካርቦን ሞኖክሳይድ እንደወጣ የሚያሳየውን የመጋል ምልክት) የሚያሰሉ ከሆነ ደግሞ ለኦክስጅኑ ይጠንቀቁ። ናይትሮጅኑን በ0.265 አባዝተው ኦክስጅኑን ይቀንሱ፤ የካርቦን ሞኖክሳይዱን መቶኛ በዚያ ጉድለት አካፍለው በ100 ያባዙ። ናይትሮጅን 79.15፣ ኦክስጅን 20.75 በመቶ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱም 8 ፒፒኤም (0.0008 በመቶ) ቢሆን ጉድለቱ 0.225፣ ሬሾው 0.36 ነው። መሣሪያው ኦክስጅኑን በ0.1 ብቻ አብልጦ 20.85 ቢያነብ ሬሾው 0.64 ይሆናል፤ ምንም ሳይነድ ሰው ያስደነግጣል። ጉድለቱ ከ0.3 በታች ሲሆን ሬሾውን ለብቻው አይመኑ።

ናሙናውን በረጅም ቱቦ ወደ ላይ የሚስቡ ከሆነ ቱቦው ቀዳዳ እንዳይኖረው ይፈትሹ። ንጹሕ አየር ሲገባበት ውጤቱ ያምራል፤ ክፋቱም እዚያ ላይ ነው። ታች ባለው ጫፍ መጠኑ የታወቀ ጋዝ ያስገቡና ላይ ስንት ሆኖ፣ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደደረሰ ይመዝግቡ። የናፍጣ ማሽን ጭስም ካርቦን ሞኖክሳይድ ስላለው ማሽኖቹ ቆመው አየሩ ከጠራ በኋላ ናሙና ይውሰዱ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ሴንሰር ሃይድሮጅንንም አብሮ ሊቆጥር ይችላልና ጥርጣሬ ካለ ናሙናው ጋዞችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ፣ በጋዝ ክሮማቶግራፍ፣ ይታይ። ከሰል በጣም ሲግል የሚወጣው ኤትሊን የተባለ ጋዝ ከተገኘ ከሰሉ ለመጋሉ ጠንካራ ምልክት ነው።

ሊትሩ በየፈረቃው ከጨመረ የአንድ ቀን ቁጥር አይጠብቁ፤ ዕድገቱ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። የጋለውን ክፍል ማሸግ ከተወሰነም ሰው ሁሉ ከማዕድኑ ይውጣ። በታሸገ ክፍል ሚቴኑ ሲጠራቀም ከ5 እስከ 15 በመቶ ባለው የፍንዳታ ክልል ውስጥ ያልፋል። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ፣ በሞውራ ቁጥር 2 ማዕድን እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1994 አንድ ክፍል በታሸገ በዚያው ቀን ፈንድቶ፣ ታች የነበሩ 11 ሠራተኞች ሞተዋል። የታሸገው ክፍል ጋዝ ከፍንዳታው ክልል መውጣቱ በናሙና ሳይረጋገጥ ማንም አይመለስ።