ጥብቅ ተጫዋች ፊት የኩዊን ጥንድ ሲደርስ

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ፤ በደብረ ማርቆስ ከወዳጆችዎ ጋር ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ጨዋታ ሲጫወቱ፣ ጥሩ ካርታ ካልደረሰው የማይገባው ሰው እርስዎ ባሳደጉት ውርርድ ላይ ደግሞ ሲያሳድግ፣ በኩዊን ጥንድ ምን ማድረግ እንዳለብዎ ጠይቀዋል።

መልሱ የሚገኘው ከራስዎ ካርታ ይልቅ እርሱ ሊይዝ ከሚችለው ነው። ይህ ሰው እንደገና የሚያሳድገው በኤስ ጥንድ፣ በኪንግ ጥንድ ወይም በኤስና ኪንግ ብቻ ነው እንበል። የኤስ ጥንድ በ6፣ የኪንግ ጥንድም በ6፣ ኤስና ኪንግ ግን በ16 መንገድ ሊደርስ ስለሚችል፣ ከ28ቱ በ12ቱ እጅግ ተበልጠዋል፣ በ16ቱ በጥቂቱ ይበልጣሉ፤ ተደምሮ የማሸነፍ ዕድልዎ 40 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ ያለዎትን ሁሉ ከማስገባት ይልቅ፣ የተጨመረው ገንዘብ መጠነኛ ከሆነና ከእርሱ በኋላ የሚወስኑ ከሆነ፣ ተቀብለው የመጀመሪያዎቹን ሦስት የጋራ ካርታዎች (ፍሎፕ) ማየት ይሻላል። በኤስና ኪንግ እንኳ የማያሳድግ ከሆነ (እንዲህ ያለ ቁጥብ ሰው በብዙ ጠረጴዛ አይጠፋም) ዕድልዎ ከ20 በመቶ በታች ስለሚወርድ፣ ካርታውን መጣል የሚያሳፍር አይደለም።

የኤስ ጥንድ ሲደርስዎ ግን አይደብቁት። ጥብቅ ተጫዋች ከገባ የሚከፍልበት ካርታ ይዟል ማለት ነውና ገና ከፍሎፕ በፊት ያሳድጉበት፤ የኪንግ ጥንድ የያዘ ሰው የጋራ ካርታው ላይ ኤስ ካየ በኋላ እጁን ይሰበስባል። ባሳደጉ ቁጥር የሚወጣ ከሆነም፣ አልፎ አልፎ በመካከለኛ ካርታ አሳድገው ብላይንዱን (ካርታ ከመታደሉ በፊት በግዴታ የሚገባውን ገንዘብ) ይውሰዱ።